ጭስ አልባው ሲጋር ልዩ ደረጃ ያገኘበት ምዘና

የመሥሪያ ቤታችን ታሪክ በሁለት ዘመን ይከፈላል፤ ከሲጋሩ በፊትና ከሲጋሩ በኋላ። ከሲጋሩ በፊት የነበረውን ዘመን የጨለማ ዘመን ማለት ይቻላል። ያኔም ቢሆን የዕቃ ጥራት እንመዝን ነበር፤ ግን ምን ዓይነት ዕቃ? ባልዲ፣ ገመድና ምስማር። ባልዲውን ውሃ ሞልተን እናቆመዋለን፤ ካፈሰሰ ይወድቃል። ገመዱ ላይ ክብደት እናንጠለጥላለን፤ ከተበጠሰ ይወድቃል። ምስማሩን እንመታዋለን፤ ከተጣመመ ይወድቃል። ባልዲ ሲያፈስ ደግሞ ዘበኛውም ያያል። ማንም ሰው የሚያየውን ነገር ለማየት ሥራ አስኪያጅ፣ ምክትል ሥራ አስኪያጅና የሕግ አማካሪ ለምን ያስፈልጋል? ይህ ጥያቄ ክቡር ሥራ አስኪያጃችንን ለብዙ ዓመታት እንቅልፍ ሲነሳቸው ቆይቷል።

ከዚህ ጭንቀት የገላገላቸው አንድ ነጋዴ ነው። ከባሕር ማዶ ያስመጣውን ሲጋር በሳጥን አሽጎ ላከና «ልዩ ደረጃ» የሚለው ማኅተማችን እንዲያርፍበት አመለከተ። ልብ በሉ፣ ሲጃራ አይደለም። ሲጃራ በየጥጋጥጉ ይጨሳል። ይህ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ እንደ ሽኝት ንግግር የረዘመ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሊባል ጥቂት በቀረው ቅጠል የተጠቀለለ፣ ወገቡ ላይ ወርቃማ ቀለበት ያጠለቀ ሲጋር ነው። ሥራ አስኪያጁ ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ባልዲ ተቀብለው እንዲህ ሲያቅፉ ያየ ሰው የለም።

እኔ የመሥሪያ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በሁለት ወገን መስኮት አለው፤ መሐሉ ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ በምሥራቁ መስኮት ሥር ደግሞ አንድ ወንበር አለ። ባለቤቴ የገመድ ክፍል መርማሪ ነበር። አንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ ሰው ዘመድ ያቀረበውን ገመድ ሲመዝን ገመዱ ተበጠሰ፤ ባለቤቴም ተበጥሷል ብሎ ጻፈ። ለዚህ ትጋቱ የምድር ቤቱ መጋዘን ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። የወደቁት ባልዲዎች የሚከማቹት እዚያ ነው፤ ግድግዳው ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። በየምሳ ሰዓቱ አየር ለመውሰድ እያሳለ ደረጃውን እየወጣ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። ስለ ወንበሩ ሌላ የምለው የለም።

ሥራ አስኪያጁ የምዘና ኮሚቴውን ያቋቋሙት በዚሁ በቤተ መጻሕፍቱ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። የተገኘነው አምስት ሰዎች ነበርን፤ እሳቸው፣ ምክትላቸው፣ የሕግ አማካሪው፣ የምስማር ክፍል ኃላፊዋ እና የባሕር ማዶ ቋንቋ ስለማነብ ጸሐፊ የተደረግሁት እኔ። ምክትሉን መሥሪያ ቤቱ ማሚቶ ይለዋል፤ የሥራ አስኪያጁን የመጨረሻ ቃላት ሳይደግም አድሮ አያውቅም። የምስማር ክፍል ኃላፊዋን ደግሞ መዶሻ እንላታለን፤ ለምን እንደሆነ ከንግግሯ ይታወቃል።

ሥራ አስኪያጁ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡራትና ክቡራን! እስከ ዛሬ የመዘንነው እጅ የሚይዘውን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን የምንመዝነው ምላስ ብቻ የሚያውቀውን ነው!»

«ምላስ ብቻ የሚያውቀውን ነው» አለ ማሚቶ።

«ይህ ሲጋር ልዩ ደረጃ ካገኘ ሌሎችም ይከተላሉ። ስለዚህ ቋሚ የቅምሻ አዳራሽ ያስፈልገናል። ጭስ የሚያስወጣ መስኮት በሁለት ወገን ያለው ክፍል ደግሞ በሕንፃው ውስጥ አንድ ብቻ ነው።»

ሁሉም ዞረው መደርደሪያዎቼን አዩ።

«መጻሕፍቱስ?» አልኩ።

«ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ።»

«ምድር ቤቱ እርጥብ ነው፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ።»

«መጽሐፍ እኮ አይተነፍስም፣ የኔ እመቤት» አሉኝ በፈገግታ። «እርጥበት የሚጎዳው ሳንባ ያለውን ነው።»

ይህን ሲሉ ክፉ አስበው አልነበረም። ምንም አስበው አልነበረም።

ሳጥኑ ተከፈተ። ከሲጋሮቹ በላይ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው የሲጋሩን ጣዕም የሚገልጽ ወረቀት ነው። ተረጎምኩላቸው፤ ቆዳ፣ ካካዎ፣ ዝናብ የመታው አፈር፣ ወደ መጨረሻው ቁንዶ በርበሬ። ሁሉም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በቃላቸው ያዙ። ሁለተኛው መሐሏ ክብ ቀዳዳ ያላት፣ ግራና ቀኟን ሲጫኗት ከውስጧ ስለት ብቅ የምትል ትንሽ የብረት ዕቃ ናት።

«ይህቺስ ምንድን ናት?» አለ ማሚቶ፤ ጣቱን ቀዳዳዋ ውስጥ ከተተ።

«አውጣ! ጣትህን አውጣ!» ብለው ጮኹ የሕግ አማካሪው። «በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ይሆንብናል።»

ሥራ አስኪያጁ ተቀብለው አገላብጠው አዩዋትና «የጥፍር መቁረጫ ናት» አሉ። «ይህን የመሰለ ነገር የሚይዝ እጅ ንጹሕ መሆን አለበት፤ አያችሁ፣ እነዚህ ሰዎች የማያስቡት ነገር የለም።» ወዲያው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር አስገብተው ተጫኑ። ጥፍሩ በግማሽ ተሰንጥቆ ቀረ። «ጥራቷ ዝቅተኛ ነው!» አሉ ጣታቸውን እየጠቡ። «ወድቃለች። ይጻፉ።»

«ይቅርታ፣ እሷ እኮ የጥፍር ሳትሆን...»

«ጸሐፊ የሚጽፈው የተባለውን ነው፤ ጸሐፊ ሐሳብ የለውም» አሉኝ የሕግ አማካሪው። ሕጉ ይህ ከሆነ ሕግ ነው፤ ጻፍኩ።

ባለቤቴ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ደስ ያለው ቀን፣ አንድ ሲጋር ያጨስ ነበር። ጫፉን የሚቆርጠው በኩሽና ቢላዬ ነው። ሲጋር በአፍ በኩል ያለው ጫፉ በቅጠል የተደፈነ መሆኑን፣ ካልተቆረጠ በቀር አየር እንደማያሳልፍ የተማርኩት ሽንኩርቴ ትምባሆ ትምባሆ ቢሸተኝ ጠይቄው ነው። እንግዲህ ይህን እውቀት የያዘው ሰው ሐሳብ የሌለው ጸሐፊ ሆኖ ተገኘ።

ሥራ አስኪያጁ ከሳጥኑ አንዱን መርጠው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ። «ጥቁር የለበሰ ነገር ሁሉ በውስጡ ምሥጢር አለው» አሉ። ማሚቶ የእኔን ጥቁር ቀሚስ አይቶ ይህችኛዋን ሳይደግም ቀረ።

ከዚያ ክብሪት ተጫረ። ጫፉ ቀላ። ሥራ አስኪያጁ ያልተቆረጠውን ወገን ከንፈራቸው መሐል አድርገው ሳቡ። ምንም አልመጣም። ደግመው ሳቡ፤ ጉንጮቻቸው እስኪገናኙ ወደ ውስጥ ገቡ፣ የግንባራቸው ሥር ተወጠረ፣ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ሲጋሩን ከአፋቸው አውጥተው ወደ ጣሪያው አዩ። እኛም ወደ ጣሪያው አየን።

«ቆዳ» አሉ በመጨረሻ።

«ቆዳ!» አለ ማሚቶ።

«አንተ ገና መች ቀመስክ?» አለችው መዶሻ።

«ከዚህ ሆኜ ይሸተኛል።»

«የጫማህ ይሆናላ።»

ሲጋሩ ለሕግ አማካሪው ተላለፈ። ጠፍቶ ነበርና እንደገና ተለኮሰ። እሳቸውም እንደ ጡጦ ሲስቡት ቆዩ። «ያለ ምንም ግዴታ» አሉ አፋቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ «የካካዎ አዝማሚያ የሚታይ ይመስለኛል። ካካዎ አለ ግን አላልኩም።»

ማሚቶ ተቀበለ። እንደገና ተለኮሰ። ፊቱ በርበሬ እስኪመስል ሳበና «ዝናብ የመታው አፈር!» አለ። «ጠዋት የዘነበበት።»

ሥራ አስኪያጁ ቅንድባቸውን አነሱ። «ጠዋት? እኔ እንኳ ከሰዓት በኋላ የዘነበበት ነው የመሰለኝ።»

«ከሰዓት በኋላ! እኔም ጠዋት ያልኩት ጠዋት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ያባራውን ነው።»

«እሱስ ልክ ነህ» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ከበታች ሠራተኛ ጋር መስማማት ልዩ ችሎታቸው ነው፤ የተስማማው የበታች ሠራተኛው ሲሆን።

ተራው የመዶሻ ሆነ። አንዴ ሳበች፣ ሁለቴ ሳበች፤ ሲጋሩን አገላብጣ አየችው።

«እኔስ ምንም አልመጣልኝም።»

የሕግ አማካሪው መሐረባቸውን አጠፉ።

«ምንም ማለት?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ምንም ማለት ምንም ነዋ! በተቆለፈ በር አየር የምስብ ነው የመሰለኝ።»

ሥራ አስኪያጁ በሐዘኔታ አዩዋት። «እህቴ፣ አይፈረድብሽም። ዕድሜ ልኩን ምስማር ሲመዝን የኖረ ምላስ...»

«ምስማር በምላሴ ነው እንዴ የምመታው?»

የሕግ አማካሪው ጣልቃ ገቡ። «ለልዩ ደረጃ ሙሉ ስምምነት ያስፈልጋል። አንድ አባል መቅመስ ካልቻለ ደግሞ የመመዘን ብቃቱ ይጣራል። የክፍል ኃላፊዎች ምደባ እየተከለሰ መሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።»

መዶሻ የምታስተምራቸው ልጆች አሏት፤ ባሏም ከሥራ ከተቀነሰ ቆይቷል። እኔን አየችኝ። ከዚያ ሲጋሩን አፏ ውስጥ መለሰችና እንደ ምንም ሳበች።

«ቁንዶ በርበሬ» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«በየት በኩል?» አሉ ሥራ አስኪያጁ በጉጉት።

«ከበስተኋላ።»

«ከበስተኋላ! ድንቅ ነው! አያችሁ፣ ምላስ ይሠለጥናል!»

አንድ ፓኮ ክብሪት አለቀ። ሲጋሩ ግን እንዳለ ነበር፤ ጫፉ ጥቂት ከመጥቆሩ በቀር ሳጥን ውስጥ ካሉት ወንድሞቹ በርዝመት አያንስም። ይህ ደግሞ ኮሚቴውን አላስደነገጠም፤ እንዲያውም ዋናው ግኝት ሆነ። ከመቶ ዘጠና ስድስት ተሰጠው። አራቱ የተቀነሱት ነጋዴው እንዳይታበይ ነው።

የውሳኔውን ረቂቅ እንዳነብ ታዘዝኩ። አነበብኩ። «ምርቱ በአራት የኮሚቴ አባላት ተጨሶ ርዝመቱ አልቀነሰም። አመድ የለውም። ጭስ የለውም። በመጋረጃና በልብስ ላይ ሽታ አይተውም። በእነዚህ ባሕርያቱ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው።» ከእኔ የተጨመረ አንድም ቃል አልነበረበትም፤ ሁሉም እነሱ ያሉት ነው።

«አስተያየት?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ እንደማይኖር በሚያውቅ ሰው ድምፅ።

እጄን አነሳሁ። «ሐሳብ አይደለም፤ ለማጣራት ብቻ ነው። ጭስ የለውም የሚለው ይጸናል?»

«ይጸናል!»

«በሙሉ ድምፅ?»

«በሙሉ ድምፅ» አሉ የሕግ አማካሪው፤ በዕለቱ «ያለ ምንም ግዴታ» ሳይሉ የሰጡት አስተያየት ይህ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ጭስ የሚያስወጣ መስኮት ለምን እንደሚያስፈልግ እንዴት ብዬ ልጻፍ? አንባቢ ይጠይቃል። ለልዩ ደረጃ ምርት የሚመጥነው ምንጣፍና የቆዳ ወንበር ያለው ክፍል ነው እንጂ የመጽሐፍ አቧራ ያለበት አይደለም የሚል ጠያቂም አይጠፋም። እንዲህ ያለ ክፍል ደግሞ በሕንፃው ውስጥ አንድ ብቻ ነው።»

ክፍሉ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ መሆኑን መናገር አላስፈለገኝም። ነጭ መጋረጃው፣ ወይን ጠጁ ምንጣፍ፣ የመንገድ ጫጫታ እንዳይገባ ተብሎ በመስተዋት የተደፈነው መስኮት ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ነው። የሕግ አማካሪው ክፍተት ሲፈልጉ ቆዩ። ጭስ የለውም ያለ ሰው ጭሱ የት ይሂድ ብሎ መጠየቅ አይችልም። ሥራ አስኪያጁ ግን ክፍተት አልፈለጉም፤ ከንፈራቸው ወደ ፈገግታ መሄድ ጀምሮ ነበር።

«የእኔ ቢሮ?» አሉ በትሕትና።

«የእርስዎ ቢሮ» አለ ማሚቶ።

የምረቃው ዕለት የቢሮው በር ላይ ጥብጣብ ታሰረ፤ ተቆረጠም። የኮሚቴው አባላት የቆዳ ወንበሮቹን ያዙ፤ እኔ ወረቀቴን ይዤ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ምላስ ተናገሩ። ነጋዴው ጠና ያሉ፣ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው፤ በጣም ተደስተው ለእያንዳንዱ የኮሚቴ አባል አንድ አንድ ሲጋር አደሉና ዙሪያቸውን አዩ።

«መቁረጫዋስ?»

«የትኛዋ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ሳጥኑ ውስጥ የነበረችው፤ ትንሿ።»

«አ፣ የጥፍር መቁረጫዋ! እሷስ ወድቃለች።»

«ውይ! የት ወደቀች?»

«በምዘናው ነዋ።»

ነጋዴው አልገባቸውም፤ ግን የነጋዴ ትዕግሥት ሰፊ ነው። ከኪሳቸው የራሳቸውን አውጥተው የሲጋሮቹን ጫፍ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረጉ።

«ኧረ ምን ማድረግዎ ነው?» አለ ማሚቶ፤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሳያይ የተናገረው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይመስለኛል።

«መቁረጥ ነዋ! ሳይቆረጥ እንዴት ተደርጎ ይጨሳል?»

የኮሚቴው አባላት ላለመተያየት ያደረጉት ጥንቃቄ አይረሳኝም። አንዱ ምንጣፉን፣ አንዱ መጋረጃውን፣ አንዱ ጫማውን ያጠና ጀመር። መዶሻ ብቻ ሲጋሯን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«እርግጥ ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «እኛ በሁለቱም መንገድ ነው የምንመዝነው።» ክብሪት ጫሩ።

አሁን አንድ ነገር መታወስ አለበት። እኚህ ሰዎች ሲጋር መሳብን የተማሩት በተደፈነ ሲጋር ነው። ጉንጭ እስኪገናኝ፣ የግንባር ሥር እስኪወጠር መሳብ ሥርዓቱ መስሏቸዋል። ሥራ አስኪያጁም በለመዱት ኃይል፣ በሙሉ ደረታቸው ሳቡት።

ጭሱ የት ድረስ እንደ ወረደ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ዐይናቸው ፈጠጠ፤ ቀጥሎ ፊታቸው ቀለም ለወጠ፤ ከዚያ ሳሉ። ማሚቶም ሳለ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከልቡ ነው። የሕግ አማካሪው «ያለ ምንም...» ብለው ጀመሩና ግዴታው ላይ ሳይደርሱ ወደ በሩ ሮጡ። የማሚቶ ሲጋር ምንጣፉ ላይ ወደቀ። መስኮቱን ሊከፍቱ ተረባረቡ፤ መስኮቱ ግን የተደፈነ ነው። ነጩ መጋረጃ ዐይናችን እያየ አመድማ ሆነ።

«ቁንዶ በርበሬው መጣልዎት?» አለቻቸው መዶሻ፤ ድምፅዋ አሳቢ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ግድግዳውን ተደግፈው ወጡ፤ ኮሪደሩን አልፈው ክፍት ሆኖ ባገኙት በር ገቡ። በሩ የቤተ መጻሕፍቱ ነበር። የምሥራቁን መስኮት አይተው ወደዚያው ተሳቡ፤ ወንበሩንም አገኙት፤ ተቀመጡ። ተከትያቸው ደርሼ ሁለቱንም የመስኮቱን መዝጊያዎች ከፈትኩ። ውሃ አመጣሁላቸው። ረጅም ጊዜ ተነፈሱ።

«እዚህ አየሩ ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ነው» አልኩ።

«ማን ነው እዚህ የሚቀመጠው?»

«አሁን ማንም አይቀመጥበትም።»

ሌላ አልጠየቁም። ብርጭቆውን ተቀብያቸው ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መቆም ነበረብኝ።

በማግስቱ ኮሚቴው በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰበ፤ ክርክሩም ብዙ አልቆየም። ለሲጋሩ የተሰጠው ልዩ ደረጃ ጸና፤ የተመዘነው ሙሉ ሲጋር ስለሆነና በሙሉነቱ አንዳች ጉድለት ስላልታየበት። ምርቱ ጭስ፣ አመድና ሽታ ያበቀለው በስለት ከተነካ በኋላ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ፣ ነጋዴው ልዩ ደረጃ የተሰጠውን ዕቃ በማበላሸታቸው ማስጠንቀቂያ ተጻፈላቸው። ወደፊት ማንኛውም ሲጋር ሳይቆረጥ እንዲጨስ መመሪያ ወጣ። ቤተ መጻሕፍቱም ከቦታው እንዳይነሳ ተወሰነ፤ ከፍተኛ ኃላፊዎች ድንገት ትንፋሽ ሲያጥራቸው አየር የሚወስዱበት ክፍል ስለሚያስፈልግ። «መጻሕፍቱም ይቆዩ» አሉ ሥራ አስኪያጁ በቸርነት፤ «ግድግዳው ባዶ እንዳይመስል።»

«ግድግዳው ባዶ እንዳይመስል» አለ ማሚቶ። ጻፍኩ።

ትንሿ መቁረጫ ከወደቁት ባልዲዎች ጋር ወደ ምድር ቤት እንድትወርድ ታዘዘች። እኔ ግን አላወረድኳትም። ወንበሩ አጠገብ ካለው መሳቢያ ውስጥ በመሐረብ ጠቅልዬ አኑሬያታለሁ። ስለቷ እንዳለ ነው። የተሠራችበትን ሥራ አሳምራ ትሠራለች። በዚህ ጥፋት ምድር ቤት ሲፈረድባት ግን በመሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያዋ አይደለችም።